ቅርስን መጠበቅ ከመዝገብ ይጀምራል



በ1971 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም በአስዋን ግድብ ውኃ ሊዋጡ የነበሩትን የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ያስጠለለ ቤት ነው። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. በተነሣው ጦርነት ግን ተዘረፈ።

የተዘረፈ ዕቃ ገበያ ላይ ሲገኝ የማን እንደሆነ የሚመሰክረው ቁጥሩ፣ መጠኑና ፎቶግራፉ የሰፈረበት መዝገብ ነው። ሰነዳችንን ጥለን የተሰደድን እኛ የመዝገብን ዋጋ እናውቃለን።

በሙዚየም የጀማሪ ሥራም ይኸው ነው፤ ዕቃ መመዝገብ፣ አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ እርጥበት መከታተል፣ ጎብኚ ማስተናገድ። ዐረብኛ የምትጽፉ፣ ግዕዝ የምታነቡ ወጣቶች ለዚህ ስንቅ አላችሁ።

በየቤታችሁ ካለው መስቀል፣ መጽሐፍና ጀበና ጀምሩ። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው ታላላቆችን ጠይቃችሁ ጻፉ። ሥራ እናስቀጥራችኋለን አንልም፤ እጃችሁ የሚፈታው ግን በዚህ ነው።