መሃሉን የሚሸከመው

በራዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ ተስተካክሎ የተዘጋጀ

መንገድ ላይ ሆናችሁ፣ መሪ ይዛችሁ የምትሰሙን ሹፌሮችም አላችሁ፤ የዛሬው ቃል በተለይ ወደ እናንተ ይጠጋል።

ትምህርታችንን የምንጀምረው ከፒክአፕ መኪና ሆድ ሥር ነው። አትገረሙ። ጌታችን ሲያስተምር ስለ ዘርና ስለ መረብ፣ ስለ እርሾና ስለ ጠፋ ድሪም ተናግሯል፤ ሰው በየቀኑ የሚነካውን ነገር አንሥቶ ነው ልብን የነካው። እኔም ወደ አገልግሎት ከመምጣቴ በፊት ጋራዥ ውስጥ ስለሠራሁ ከማውቀው እነሣለሁ።

ማንም የማያየው ዕቃ

ፒክአፕ መኪና ሞተሩ ከፊት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚገፋው ጎማ ደግሞ ከኋላ። በካምቢዮውና በኋላው ዲፈረንሻል መካከል ኃይሉን የሚያደርስ ረጅም ዘንግ አለ፤ ድራይቭ ሻፍት የምንለው ማለት ነው። ታዲያ ይህ ዘንግ በጣም ሲረዝም ችግር ይመጣል። ሁለት ልጆች ገመድ በሁለት ጫፍ ይዘው ሲያሽከረክሩ አይታችኋል አይደል? መሃሉ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ብረትም ቢሆን ረጅምና ቀጭን ሆኖ በፍጥነት ሲዞር መሃሉ መጉበጥ ይፈልጋል። በብዙ መኪኖች አራተኛ ማርሽ ላይ ዘንጉ የሚዞረው ሞተሩ በሚዞርበት ፍጥነት ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 2500 ጊዜ ከዞረ ዘንጉም 2500 ጊዜ ይዞራል። እንዲህ እየዞረ ከጎበጠ መኪናውን ያራግፈዋል።

ስለዚህ የረጅም መኪና ሠሪዎች ምን አደረጉ? ዘንጉን ለሁለት ከፈሉት፣ በክሮቼራ አገናኙት፣ መሃሉን ደግሞ በኩሽኔታ ከሻንሲው ጋር አንጠለጠሉት። ይህ የመሃል ኩሽኔታ ሦስት ነገር ነው። ውስጡ የብረት ኩሽኔታ አለ፤ ዘንጉ በእርሱ ውስጥ ይዞራል። በዙሪያው ወፍራም ጎማ አለ፤ ንቅናቄውን ይውጣል። ከውጭ ደግሞ ሁሉን አቅፎ በሁለት ብሎን ከሻንሲው ጋር የሚታሰር የብረት ማቀፊያ አለ።

ዘንጉ ይዞራል፣ ማቀፊያው ባለበት ይቆማል። ሞተሩ ይመሰገናል፣ ጎማው ይታያል፣ ቀለሙ ይወደሳል። የመሃል ኩሽኔታን ግን ማን ያስታውሰዋል? ሲያልቅ እንኳ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራለት መብራት የለውም።

ወገኖቼ፣ በየቤታችንና በየቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለ ሰው አለ። እስቲ ፊቱን በልባችሁ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ድምፁን የሰማ ሹፌር

ይህ ዕቃ ሳይናገር አይሞትም። መጀመሪያ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ፣ ይልቁንም ሸክም ሲኖረው፣ ከወለሉ ሥር መንቀጥቀጥ ይሰማል። ማርሽ ሲቀየር ወይም ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ “ቋ” የሚል ምት ይመጣል። ቀጥሎ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚያድግ ጉርምርምታ ይጀምራል። ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ ግራሶው ደርቋል፣ አቧራና ውኃ ገብቷል ማለት ነው።

ታዲያ ሹፌሩ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ራዲዮውን ከፍ ያደርጋል። መዝሙርም ቢሆን የሚከፍተው፣ መዝሙር ኩሽኔታ አያድስም! ሌላው አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ ዙሪያውን ይጠቀልልበታል። ድምፁ ለጥቂት ቀን ይቀንሳል፤ ያለቀው ግን አልቋል።

አሁን ይህ መኪና እህል ጭኖ፣ በላዩም ሰው አሳፍሮ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ አስቡት። ኩሽኔታው ተበጥሶ ዘንጉ ከተለቀቀ የሚሽከረከረው ብረት የመኪናውን ሆድ ይደበድባል፤ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦ በአጠገቡ ሊያልፍ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ሞተሩ ከጎማው ጋር ይለያያል። በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወርድ የነበረ መኪና ያ መያዣ ይጠፋበታል፤ ሸክሙ ሁሉ በእግር ፍሬን ላይ ይወድቃል። በሰፈር መንገድ ላይ “ትንሽ ድምፅ ነው” ተብሎ የታለፈው ነገር ቁልቁለት ላይ የሰው ነፍስ ይሆናል።

አንድን ሰው “ትንሽ ደክሞት ነው፣ ያልፍለታል” እያልን ያለፍነው ስንት ጊዜ ነው?

በትዕግሥት የሚሠራ ሥራ

ይህን ዕቃ መቀየር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ራሱን ይጠብቅ። መኪናውን በደልዳላ ቦታ ያቁም፣ ጎማውን በታኮ ይያዝ፣ መኪናውን በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፍ። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቡ! ከዚያ ዘንጉን በኩሽኔታው አጠገብ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዝ። ጎማው ከተቀደደ፣ ዘንጉም በውስጡ የሚንገዋለል ወይም ሲዞር የሚያጉረመርም ከሆነ ጊዜው ደርሷል። በዚያው ክሮቼራዎቹንም ይመርምር፤ የመሃሉ ሲያልቅ የእነርሱንም ዕድሜ ያሳጥራልና።

ሁለተኛው ሥራ መፍታት አይደለም፣ ምልክት ማድረግ ነው። ዘንጉ ከዲፈረንሻሉ ጋር በሚገናኝበት፣ ሁለቱ ክፍሎችም እርስ በርስ በሚገናኙበት ቦታ በቀለም ወይም በመምቻ ምልክት ይደረጋል። ዘንጉ በፋብሪካ ሚዛኑ ተጠብቆ ነው የመጣው፤ የክሮቼራዎቹም አቀማመጥ እርስ በርስ የተመጣጠነ ነው። ያለ ምልክት ፈትቶ እንደ መጣለት የገጠመ ሰው አዲስ ኩሽኔታ አስገብቶም የድሮው መንቀጥቀጥ ይጠብቀዋል።

ከዚያ የኋላው ብሎኖች ይፈታሉ። ዘንጉ እንዳይንጠለጠል ከሥር ይደገፍና የማቀፊያው ሁለት ብሎኖች ይወጣሉ። ከማቀፊያው በላይ ቀጫጭን ሮንዴላ ወይም ስስ ብረት ካለ አትጣሉት፤ የዘንጉን ከፍታ የሚያስተካክል ስለሆነ በነበረበት ይመለሳል። የፊቱ ጫፍ ከካምቢዮ ውስጥ ተስቦ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ዘይት ስለሚፈስ ዕቃ ይደገንበታል።

ዘንጉ ከወረደ በኋላ ሁለቱ ክፍሎች ይለያያሉ፤ ኩሽኔታውን የያዘው ትልቁ ዳዶ ይፈታል። አሮጌው ኩሽኔታ በማውጫ ወይም በፕሬስ ይወጣል። በመዶሻ እየመታ የሚያወጣው ብዙ ነው፤ ዘንጉ ላይ ጉዳት ያደረሰ ግን ከኩሽኔታው ዋጋ የሚበልጥ ዕዳ ይገባል። መቀመጫው ይጸዳል፣ አዲሱ በትክክለኛ ፊቱ ይገባል። ሲገባ የሚገፋው ዘንጉን የሚነካው የውስጠኛው ቀለበት ብቻ ነው። የውጨኛውን የመታ ሰው አዲሱን ዕቃ ገና ሳይሠራ ገደለው። ዳዶው በአዲስ ይተካል፣ በመኪናው መመሪያ በተጻፈው ልክ ይጠብቃል።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። ዘንጉ ወደ ቦታው ሲመለስ የማቀፊያው ብሎኖች ወዲያው አይጠብቁም፤ በእጅ ብቻ ይያዛሉ። መጀመሪያ ምልክቶቹ ተገጣጥመው ዘንጉ ከፊትም ከኋላም ይታሰራል። ዘንጉ በራሱ መስመር ከተቀመጠ በኋላ ማቀፊያው ጎማው እንዳይጠመዘዝ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተስተካክሎ፣ ለዘንጉ ቀጥ ብሎ መቆሙ ታይቶ ይጠብቃል። ቸኩሎ አስቀድሞ ያጠበቀ መካኒክ ጎማውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያሠቃየው ያስኬደዋል።

እኛስ? አዲስ የዳነ ወጣት ተሰጥኦ አለው ብለን መስመሩን ሳይዝ፣ ሥር ሳይሰድድ በኃላፊነት ላይ ኃላፊነት አላጠበቅንበትም? ከዓመት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ሲርቅ “ዓለም ወሰደችው” እንላለን። ዓለም ብቻ ናት ወይ የወሰደችው?

ለምን አለቀ?

ጥሩ መካኒክ “አለቀ፣ ቀየርኩት” ብሎ አያቆምም። ለምን አለቀ ብሎ ይጠይቃል። ዕድሜ ከሆነ መልካም፤ ጎማ ያረጃል። ነገር ግን አዲሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተበላ ሌላ ነገር አለ። ምናልባት ከአቅም በላይ እየተጫነ ነው። ምናልባት ብዙ ለመጫን ባሌስትራ ተጨምሮ የመኪናው ከፍታ ስለተለወጠ የዘንጉ አቅጣጫ ተዛብቷል። ምናልባት ዘንጉ ራሱ ድንጋይ መትቶት ጎብጧል፣ ወይም ከላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ጎማውን እየበላው ነው። እነዚህን ሳያስተካክል አዲስ የሚያስገባ ሰው ዕቃ እየገዛ ዕቃ ይገድላል።

ወገኖቼ፣ አገልጋይ በአገልጋይ ላይ የሚያልቅበት ቤተ ክርስቲያን ካለ “ሰው ጠፋ” ከማለቱ በፊት ጭነቱን ይመልከት።

በዘጸአት 17 ላይ ሙሴን እናያለን። ኢያሱ ከአማሌቅ ጋር ሲዋጋ ሙሴ በኮረብታው ላይ እጁን አንሥቶ ቆሟል፤ ግን እጁ ከበደው። አሮንና ሆር “ጸሎትህ ደከመ” ብለው አልወቀሱትም። ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፣ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ እጁን ደገፉ፣ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ። ምዕራፉን ገለጥ ስታደርጉ ደግሞ ምዕራፍ 18 ላይ አማቱ ዮቶር መጣ። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ተመልክቶ፣ አንተም ሕዝቡም ታልቃላችሁ የሚል ምክር ሰጠው። በሺህ፣ በመቶ፣ በአምሳና በዐሥር ላይ አለቆች ይሾሙ፤ ጭነቱ ይከፈል አለው። አያችሁ? አሮንና ሆር የደከመውን ደገፉ፤ ዮቶር ደግሞ ለምን ደከመ ብሎ መረመረ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ኤልያስንም አስቡ፤ 1ኛ ነገሥት 19 ላይ አለ። ያ የቀርሜሎስ ሰው ምድረ በዳ ገብቶ ከዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር በመጀመሪያ የሰጠው ተግሣጽ ነበር ወይ? አልነበረም። እንቅልፍ ሰጠው፤ በመልአክ እጅ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ደግሞም ሰጠው። መንገዱ ረጅም እንደ ሆነ ጌታ ያውቅ ነበርና። ኋላም ኤልሳዕን ሰጠው።

ሰው ግን ዕቃ አይደለም

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ያለቀ ኩሽኔታ ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል። ያለቀ ሰው ግን አይጣልም! በክርስቶስ ደም የተገዛ ነውና በሌላ አይተካም፤ ያርፋል፣ ይደገፋል፣ ይታደሳል።

ያንን በልባችሁ የያዛችሁትን ሰው አሁን መልሳችሁ ተመልከቱት። ምናልባት ባሏንና ልጆቿን፣ የታመመች አማቷንም የምትሸከም እናት ናት። ምናልባት ዓረብ አገር ሆና የሰው ቤት እየሠራች ለቤተሰቡ ሁሉ የምትልክ እኅታችሁ ናት፤ ስትደውል ስለ ብሩ እንጂ ስለ እርሷ ማን ጠየቃት? “ድምፅሽ ደክሟል፣ እንዴት ነሽ?” ያላት ማን ነው? ምናልባትም ጉባኤው ከመምጣቱ በፊት ወንበር የሚደረድር፣ ሁሉ ከሄደ በኋላ በር የሚዘጋ ሽማግሌ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ደውሉለት፣ ሄዳችሁ ጠይቁት፣ ከጭነቱ አንዱን ከእጁ ተቀበሉት። “እንጸልይልሃለን” ማለት መልካም ነው፤ አሮንና ሆር ግን እጃቸውንም ዘርግተዋል።

ራስህ ያ ሰው ከሆንክስ፣ ወንድሜ? አንቺስ፣ እኅቴ? ድምፁን አትደብቁት። በዝማሬ አትሸፍኑት፣ በአገልግሎት ብዛትም አትጠቅልሉት። ደከመኝ ማለት እምነት ማጣት አይደለም። ሸክማቸው የከበደባቸውን ወደ እኔ ኑ ብሎ የጠራ ጌታ አለ፤ የጠራውም ሊያሳርፋቸው ነው። ይህን ጌታ ገና ያላወቃችሁ፣ ኑሮን በራሳችሁ ትከሻ ብቻ ስትሸከሙ የኖራችሁም ዛሬ በሩ ለእናንተ ክፍት ነው።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ መሃሉን ተሸክመው ማንም ያላያቸውን አንተ አይተሃቸዋል። የደከሙትን አሳርፋቸው። እኛንም የሰውን ድካም የሚሰማ ጆሮ፣ የሚደግፍም እጅ ስጠን። በመንገድ ላይ ያሉትን ሹፌሮችና ተሳፋሪዎች በሰላም አድርሳቸው። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።

ተባረኩ።