ከአልጋ እስከ ቀብር ቦታ
ከሕመም በኋላ ሰውነትን በቤት ውስጥ ቀስ በቀስ ስለ ማለማመድ (በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 እንደምታውቁኝ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜዬን የጨረስኩት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ራሴ ያየሁትንና ከጤና ባለሙያዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። ስሕተት ቢገኝበት አዋቂዎቹ እንድታርሙኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና በኅዳር ወር የሳንባ ምች ያዘኝና 11 ቀን ሆስፒታል ተኛሁ። ከወጣሁም በኋላ ቤቴ ውስጥ ሦስት ሳምንት ያህል ከአልጋ አልወረድኩም። ብዙዎቻችሁ መጥታችሁ ጠይቃችሁኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠያቂው ሁሉ ግን፣ እንዳትቀየሙኝ እንጂ፣ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር። «ተኛ! እንዳትነሣ! ዕረፍት ነው መድኃኒቱ!» ይለኛል። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሻይ እዚያው፣ ምሳ እዚያው፣ ሬዲዮ እዚያው።

በጥር ወር አንድ ማለዳ የእድራችን ጥሩምባ ተነፋ። የሞተው ጎረቤቴ ነው። ልጆቼን አብሮኝ ያሳደገ፣ እኔ ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜ ሁለት ሌሊት አጠገቤ ያደረ ሰው ነው። እንዴት አድርጌ ልቅር? ባለቤቴ እጄን ይዛ ብትለምነኝም እንቢ ብዬ ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። ድንኳኑ ድረስ ደኅና ነበርኩ። አስከሬኑ ተነሥቶ ሕዝቡ መሄድ ሲጀምር ግን፣ ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ጉልበቴ እንደ ሰም ቀለጠ። ዓይኔ ጨለመ፤ መንገድ ዳር ተዘረጋሁ። የተረፈውን ታውቁታላችሁ። ግማሹ ሰው አስከሬኑን ትቶ እኔን ከበበ። አንዷ እናት «ኧረ በአንድ ቀን ሁለት እንዳይሆንብን!» ብለው ጮኹ። በባጃጅ ተጭኜ ቤቴ ገባሁ፤ ጎረቤቴ ያለ እኔ ተቀበረ። ይህ ነገር እስካሁን ድረስ ከሆዴ አልወጣም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስጠየቅ፣ የሳንባዬ ሕመም አልተመለሰም። ታዲያ ምንድን ነው የጣለኝ ብል፣ ባለሙያዋ «አባቴ፣ የጣለዎት ሕመሙ ሳይሆን አልጋው ነው» አለችኝ። ነገሩን ስታብራራልኝም፣ ሰው ሲተኛ የእግር ጡንቻው በፍጥነት ይሟሽሻል። ጤነኛ ሽማግሎችን 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ አውለው የመረመሩ ሐኪሞች፣ ከእግራቸው ጡንቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ቀንሶ አግኝተዋል። አስቡት! እኔ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ ነው የተኛሁት፤ ያውም ታምሜ። የሳንባ ምች ድካም ደግሞ እስከ ሦስት ወር ሊቆይ፣ ሙሉ ብርታት ለመመለስም እስከ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል። እኔ ግን በአንድ ማለዳ ልመልሰው አሰብኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

እንግዲህ ሁለት ስሕተት ሠርቻለሁ ማለት ነው። አንደኛው ያለ ልክ መተኛቴ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያለ ልክ መነሣቴ ነው።

በመካከሉ ያለውን መንገድ ከመናገሬ በፊት ስለ አንድ ትልቅ ሰው ላስታውሳችሁ። ሻምበል አበበ ቢቂላን የማያውቅ የለም። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈ ጀግና ነው። ታዲያ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ በመስከረም ወር 1957 ዓ.ም. በዚሁ በእኛ መንገድ ዱከምን አልፈን በምናገኛት በቢሾፍቱ፣ ያን ጊዜ ደብረ ዘይት በምትባለው ልምምድ ላይ ሳለ ታመመ። ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘና በቀዶ ጥገና ወጣለት። ውድድሩ ሊደርስ የቀረው አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። አበበ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ከቁስሉ እያገገመ ቀስ በቀስ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ከኋላው የነበረው እንግሊዛዊ ሲገባ ከአራት ደቂቃ በላይ አልፎ ነበር።

ይህን ስናገር ግን ማንም «እኔም በአምስት ሳምንት» እንዳይል! አበበ የ32 ዓመት ጎልማሳ፣ የክቡር ዘበኛ ወታደር፣ ሐኪምና አሠልጣኝ ከጎኑ ያልተለየው ሰው ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያስተምረኝ ከዚያ በኋላ የደረሰበት ነው። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሲታከም ከርሞ፣ እግሩ እንደማይመለስ ሲያውቅ በቀሩት በእጆቹ ጀመረ። በ1962 ዓ.ም. እዚያው እንግሊዝ አገር በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሳተፈ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚነዳ ተንሸራታች ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስ «አበቃልኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እኛ ታዲያ እግርም እጅም እያለን ምን ሆነን ነው አልጋ የምንወርሰው?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የጤና ባለሙያዋ የነገረችኝን ይዤ፣ እንደ ልማዴ አንድ ደብተር ገዛሁና መስመር አሠመርኩበት። ቀን፣ የተሠራው፣ የተሰማኝ ስሜት፣ የማግስቱ ሁኔታ ብዬ አራት ዓምድ አወጣሁለት። ልጄ «አባዬ፣ ጡረታ ወጥተህም መዝገብ ቤት ነህ!» ብላ ሳቀችብኝ። ነገር ግን ያዳነኝ ያ ደብተር ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ጧትና ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቁርጭምጭሚቴን 10 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፍ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ጉልበት 10 ጊዜ መዘርጋት። ቀጥሎም በግድግዳ የተደገፈ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሣት። መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ብነሣ ላብ አጠመቀኝ! ሌላ ምንም የለም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት፦ መነሣቱን አምስት አደረስኩ፤ ዐርፌ ደግሞ አምስት። በግቢዬ ውስጥ ከበሩ እስከ ማድ ቤቱ 22 እርምጃ ነው። እዚያች ላይ እየተመላለስኩ አምስት ደቂቃ እሄዳለሁ። ዋናውን መንገድ አልሞከርኩም፤ የፋብሪካውን የጭነት መኪና፣ አቧራውንና ጡሩምባውን ታውቁታላችሁና፣ ጉልበቱ ያልጸና ሰው የሚለማመድበት ቦታ አይደለም።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ፦ በየሦስት ቀኑ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ እጨምር ነበር። የወንበሩን መደገፊያ ይዤ በእግር ጣቴ ጫፍ መቆም ጀመርኩ፤ ሚዛንን ለመጠበቅ በጣም ይረዳል። ግድግዳ በሁለት እጄ ገፋ፣ መለስ አደርጋለሁ። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ውኃ በየእጄ ይዤ ከፍ ዝቅ ማድረግም ጨመርኩ። ዋናው ምሥጢር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መጨመር ነው። ደቂቃ ከጨመርክ ክብደት አትጨምር።

ልኩ በምን ይታወቃል? ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በወሬ ይታወቃል። እየሄድክ ከጎረቤትህ ጋር መነጋገር ከቻልክ ልክ ነህ። መዝፈን ከቻልክ ትንሽ ፈጠን በል። ቃሉ በአፍህ ላይ ከተቆራረጠ ደግሞ ቀንስ። ሁለተኛው መለኪያ ማግስቱ ነው። በማግስቱ እንደ ተቀጠቀጥክ ሆነህ ከተነሣህ ትናንት አብዝተሃል ማለት ነውና ወደ ኋላ ተመለስ። ገላን ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ያለች አገር ስለሆነች፣ አየሩ ቀጠን ያለ ነው፤ ሳንባውን የታመመ ሰው ቶሎ ቢያለከልክ አይገረም።

ሁሉም ቀጥ ብሎ አልሄደልኝም። በመጋቢት ጉንፋን ያዘኝና ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። ስነሣ ካቆምኩበት ልቀጥል ብዬ 18 ደቂቃ ሞከርኩና በ10ኛው ደቂቃ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በዚያን ቀን፣ አልደብቃችሁም፣ ደብተሩን ልቀደው ነበር። ባለቤቴ ነጥቃኝ «ግማሹን ጻፍ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደንቤ እርሱ ሆነ። በሕመም ያቋረጠ ሰው ካቆመበት ሳይሆን ከግማሹ ይጀምር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ነበርኩበት ተመለስኩ።

አሁን ደግሞ ጥንቃቄ የሚሹትን ልዘርዝር። ደረት ከያዘ ወይም ካፈነ፣ ራስ ካዞረ፣ ልብ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ወዲያው ማቆምና ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። አፍ ከተጣመመ፣ አንድ ወገን ከደነዘዘ ወይም ንግግር ከተሳሰረ፣ ይህ የስትሮክ ምልክት ስለሆነ ነገ ሳይባል በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል! ብዙ የተኛ ሰው አንዱ ባቱ ብቻ አብጦ ካመመው ማሸት አይገባም፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና ይታይ። የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም ቀዶ ጥገና የነበረበት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድለት አይጀምር። የደም ግፊት ያለበት ትንፋሹን አምቆ አይግፋ፤ ጮክ ብሎ ቢቆጥር ትንፋሹ አይታመቅም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ጠይቆ፣ ስኳሩ እንዳይወርድበት ከረሜላ በኪሱ ይያዝ። የምንጾምም ብንሆን ባዶ ሆዳችንን፣ በጠራራ ፀሐይ አንታገል።

እናቶቻችንን በሚመለከት አንድ ቃል ልጨምር። እኛ ወንዶቹ ስንታመም እንተኛለን። እናት ግን ታማ በተነሣች ማግስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ታነሣለች። ይህ 20 ኪሎ ነው! እርሷን ማንም «ቀስ በይ» አይላትም። ልጆችና ባሎች ይህን ሸክም ለተወሰነ ጊዜ እንድንቀበል አደራ እላለሁ።

ጤነኞቹም አትሣቁብን። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም የለንደንን የአውቶቡስ ሠራተኞች አጥንቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለው ሾፌር፣ ባለ ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ቲኬት ከሚቆርጠው ባልደረባው ይልቅ በልብ ሕመም ይበልጥ ይጠቃ እንደነበር አገኘ። እኔ ዕድሜ ልኬን እንደ ሾፌሩ ነበርኩ። የዓለም ጤና ድርጅትም ዛሬ አዋቂ ሰው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ማለት ነው። ለእኔ ቢጤ አዛውንት ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክረውን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሚዛን የሚያስጠብቀውን ሦስት ቀን ይጨምርበታል። ይህ ግን መድረሻው እንጂ መነሻው አይደለም።

እንግዲህ ንግግሬን ከማጠቃለሌ በፊት ለኮሚቴው ሦስት ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ቀብር ያልተገኘ እንደሚቀጣ ደንባችን ያዛል፤ ደንቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሕመም የሚያገግም አባል በመዝገብ «በማገገም ላይ» ተብሎ ይጻፍና እስኪጸና ቅጣቱም ይሉኝታውም ይነሣለት። እኔን ያስወጣኝ የገንዘቡ ቅጣት ሳይሆን ይሉኝታው ነውና። ሁለተኛ፣ በሽተኛ ስንጠይቅ ሐኪም ያልከለከለውን ሰው «ተኛ» ከምንል፣ ክንዱን ይዘን እስከ ግቢው በር አብረነው እንሂድ። ሦስተኛ፣ ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት አባል ተመድቦ፣ ብቻውን የሚኖረውን ታማሚ በሳምንት ሁለት ቀን ያለማምደው። እድር ያቋቋምነው ሬሳ ለማንሣት ብቻ ነው ያለው ማነው? በሕይወት ያለውን ማንሣትም ከዚያ አያንስም።

በግንቦት ወር ደግሞ ጥሩምባው ተነፋ። ሐዘን ነውና ደስ አለኝ አልልም። ነገር ግን በዚያን ቀን ከድንኳኑ እስከ ቀብሩ ቦታ በእግሬ ሄድኩ። ሬሳ አልተሸከምኩም፤ ሁለት ጊዜ ቆሜ ዐርፌያለሁ፤ ነገር ግን ደረስኩ። ሥርዓቱ ሲያበቃ በጥር ላልቀበርኩት ጎረቤቴ መቃብር ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ አፈር ጨመርኩ። ማታ ደብተሬ ላይ «38 ደቂቃ፤ ደኅና ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እኔም ይኸው በእግሬ ቆሜ አነጋገርኳችሁ። የታመሙትን ይማርልን፣ የሞቱትን ነፍስ ይማርልን፣ ለከርሞው በጤና ያገናኘን።