እንግሊዝኛን ከአንኮበር እንጀምር

እሱ፦ እህቴ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። ብዙው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነው።

እሷ፦ ውጤቱንም አይተናል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋው ነው አልልም። ግን ጥያቄው ያልገባው ልጅ ምን ብሎ ይመልሳል?

እሱ፦ ታዲያ ፍላጎቱን በምን እናነሳሳ?

እሷ፦ በሚያውቀው ነገር! በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ በእንግሊዝኛ «አንኮበር ሰሪን» የሚባል ትንሽ ወፍ አለ። እሱን ፍለጋ ከባሕር ማዶ ሰው ለደብረ ብርሃን ቅርብ ወደሆነችው አንኮበር ይመጣል፤ ጭላዳ ዝንጀሮውንም፣ የቀድሞ ነገሥታትን መቀመጫም ያያል። የአንኮበር ልጅ ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ የጎደለው በእንግሊዝኛ መናገሩ ነው። ትምህርቱ ለምን ከዚያ አይጀምርም?

እሱ፦ ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቆ? ለመምህሩ እኮ ሰዋስው ማስገልበጥ ይቀለዋል።

እሷ፦ ይቀለዋል፤ ልጁ ግን ደብተሩን ሞልቶ አፉን ሳይከፍት ይወጣል። ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ፤ አንዱ እንግዳ፣ አንዱ አስጎብኚ ይሁን። ለዚህ መሣሪያም በጀትም አያስፈልግም።

እሱ፦ ሲሳሳት የሚስቁበትስ?

እሷ፦ ዋናው እሱ ነው፣ ወንድሜ! አንድ ጊዜ የተሳቀበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጁን ላያወጣ ይችላል። መምህሩ ያንን ሳቅ ከመጀመሪያው ቀን ያስቁም።

እሱ፦ እንግዲህ መምህራን፣ በዚህ ሳምንት አንዷን ክፍለ ጊዜ ለንግግር ብቻ ስጡልን።