የፊልም ድርሰት ውድድር ለጀማሪ ደራሲ የሚሰጠው ጥቅም፤ ከይፋት ቆላ አንጻር ሲታይ



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚያቀና መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ ወደ ኋላ ይቀርና የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። 225 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላም ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ማሽላና ማሾ፣ ሽንኩርትና ከብት በሚሸጥበት በዚህ አገር ደገኛው ከቆለኛው፣ አማራው ከአርጎባው፣ ከኦሮሞውና ከአፋሩ ጋር ይገበያያል። ከከተማይቱ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የኖራ ፍርስራሽ የጥንቱ የይፋት ሱልጣኔት ምስክር ነው። በ1953 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ካራ ቆሬን አናውጦ ማጀቴን አፍርሷል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቋል።

እንግዲህ በይፋት ለፊልም የሚሆን ታሪክ አልጠፋም። የጠፋው፣ ታሪኩን በወረቀት ያሰፈረ ወጣት ጽሑፉን ይዞ ሲነሣ የሚያነብለት ሰው ነው።

የፊልም ደራሲ ችግር ከሌሎች ደራስያን ችግር የተለየ ነው። ገጣሚ ግጥሙን በአደባባይ ያነባል፤ ልብ ወለድ ጽፎ ያስቀመጠ ሰውም ባይታተምለት እንኳ የተፈጸመ ሥራ አለው። የፊልም ድርሰት ግን እንደ ቤት ንድፍ ነው፤ ግንበኛ ካላገኘ ቤት አይሆንም። ግንበኞቹ፣ ማለትም ገንዘብ አውጪዎቹና አዘጋጆቹ፣ በአብዛኛው የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። እነርሱም ጊዜያቸው የተጣበበ በመሆኑ በቅድሚያ የሚያነቡት የሚያውቁት ሰው የጻፈውን ወይም የሚያውቁት ሰው ያመጣላቸውን ነው። ሰው በሰው ካልሆነ በቀር የሮቢቱ ወጣት ወደ እነርሱ የሚገባበት በር የለውም።

የውድድር ዋና ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሽልማትና ውድድር በብዙ ሰዎች ዘንድ አንድ ተደርገው ቢቆጠሩም ሥራቸው የተለያየ ነው። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በቬኒስ የፊልም በዓል የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በምርጥ የፊልም ድርሰት ሲሸለም፣ ክብሩ የተሰጠው ተሠርቶ ላለቀ ፊልምና ለአሠርት ዓመታት በሙያው ለቆየ ሰው ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ የሚሰጠው የጉማ ሽልማትም የሚመዝነው ለሕዝብ የታዩ ፊልሞችን ነው። ሽልማት የበሰለውን ያከብራል፤ የድርሰት ውድድር ግን ገና በወረቀት ላይ ያለውን ይፈልጋል፤ ማን እንደ ጻፈው ሳይሆን ምን እንደ ተጻፈ ይጠይቃል።

ለዚህ አንድ ግልጽ ምሳሌ አለ። ማይክ ሪች በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ የሬዲዮ ዜና ባለሙያ ነበር። «ፋይንዲንግ ፎሬስተር» የተባለው ድርሰቱ በ1998 እ.ኤ.አ. የኒኮል ፌሎሺፕ ተብሎ በሚጠራው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ውድድር አሸነፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሾን ኮነሪ የተወነበት ፊልም ሆነ። የፊልሙ ታሪክ ራሱ፣ ጽሑፉን የሚያነብለት አንድ አረጋዊ ደራሲ ስላገኘ ያልታወቀ ወጣት የሚተርክ ነው። ውድድሩ የሚሰጠው ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ እየተከፋፈለ የሚከፈል ሲሆን፣ አሸናፊው በዚያው ጊዜ ሌላ አዲስ ድርሰት እንዲጽፍ ይጠበቅበት ነበር። የተሸለመው ያለፈው ሥራ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውም ጭምር ነው።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ፣ ዩኔስኮና ኔትፍሊክስ በ2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ተረቶች ላይ ባዘጋጁት ውድድር ከ13 አገሮች ከ2,000 በላይ ማመልከቻዎች ቀርበው ነበር። ከእነዚህ 21 ዕጩዎች፣ በመጨረሻም 6 አሸናፊዎች ተመረጡ። ለእያንዳንዱ አሸናፊ 25,000 ዶላርና ለፊልሙ መሥሪያ 75,000 ዶላር ተመድቦ፣ በሙያው የበሰሉ ሰዎች ከጎኑ ቆሙ፤ ፊልሞቹም በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ለዕይታ በቁ። ከሴት አያቱ ምድጃ ዳር የሰማውን ተረት የያዘ የይፋት ልጅ ለእንዲህ ያለው ውድድር ባዶ እጁን አይቀርብም።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» የሄደበት መንገድም ያስተምራል። ፊልሙ ገና ዕቅድ ሳለ ካን ለታዳጊ ሥራዎች በሚያዘጋጀው አትልዬ ተመርጦ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. በዚያው በዓል መደበኛ መርሐ ግብር ሲታይ ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። መመረጡ የመንገዱ መጨረሻ ሳይሆን ከገንዘብ አውጪዎች ጋር መገናኛ ነበር።

ይሁን እንጂ በሩቅ አገር በር መተማመን አይበቃም። ማንም ያልታወቀ ደራሲ በቀጥታ ያመለክትበት የነበረው የኒኮል ውድድር ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ድርሰቶችን የሚቀበለው በአጋር ተቋማት በኩል ሆኗል። ስለሆነም የአማርኛ የፊልም ድርሰት የራሱ ውድድር ያስፈልገዋል፤ ውድድሩም የምስክር ወረቀት ታድሎና ጭብጨባ ተሰምቶ በዚያው የሚበተን እንዳይሆን አራት ነገሮች ሊሟሉለት ይገባል።

አንደኛ፣ ዳኞች የጸሐፊውን ስምና አድራሻ ሳያውቁ ያንብቡ። ሁለተኛ፣ ለተሸነፉትም ቢሆን አጭር የጽሑፍ አስተያየት ይድረሳቸው፤ ከ2,000 ተወዳዳሪዎች 6 ብቻ ሲያሸንፉ የቀሩት የሚያተርፉት ይህንኑ ነውና። ሦስተኛ፣ ከገንዘቡ ከፊሉ ድርሰቱ እንደገና ለሚጻፍበት ጊዜ ይመደብ፤ አሸናፊውም ድርሰቱን ፊልም ሊያደርግ ከሚችል አዘጋጅ ጋር ይገናኝ። አራተኛ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የደራሲው እንደ ሆነ በውድድሩ ደንብ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ለውድድር መላክ መሸጥ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኝ ሌላም ጥቅም አለ፤ እርሱም የጊዜ ገደቡ ነው። የጀማሪ ደራሲ ትልቁ ጠላት ያልተጨረሰ ድርሰት ነው። ቀን ሲቆረጥለት የሮቢቱ ወጣት ከእርሻና ከንግድ ተርፎ በሚያገኘው ሰዓት የመጨረሻዋን ትዕይንት ይጽፋል። ያ ወረቀት በመኪና ተጭኖ ጣርማ በርን ሲሻገር፣ በወዲያኛው ጫፍ አንድ አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ድረስ በትዕግሥት ሊጠብቀው ይገባል። ያ አንባቢ መሆን የዚህ ማኅበር አባላት ድርሻ ነው።