የገና ስልክ

ገና በመጣ ቁጥር በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶ በየቤቱ ስልክ ይጮኻል። ከሳዑዲ ነው፤ ልጆቻችን ናቸው። ከፊሎቹ በጅቡቲ ባሕሩን ተሻግረው የየመንን በረሃ በእግር ያቋረጡ፣ ሌሎቹም በውል በአውሮፕላን የሄዱ ናቸው።

አንዲት የጭሮ እናት ያጫወቱኝን ልንገርህ። ልጃቸው ሪያድ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ታኅሣሥ 29 ማለዳ ደውላ፣ «እማዬ፣ ዶሮ ሠርቻለሁ፤ ከአገሬ ልጆች ጋር ነን» አለቻቸው። እናት ደስ አላቸው፤ ስለ በጉ ዋጋ አወሩላት። ገንዘቡም ቀድሞ ተልኮ ነበር። እውነቱን የሰሙት አገር ከገባች በኋላ ነው። ያን ማለዳ የደወለችው ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ ነው። እዚያ ገና የሥራ ቀን ነው፤ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያንም የለም። ዶሮ የሚባል ነገር አልነበረም። «በዓሉ እንዳይበላሽባችሁ ብዬ ነው» አለቻቸው።

ዋሸሽ ብዬ ልገሥጻት አልደፈርኩም። የከበደኝ የእኛ ጥያቄ ነው። «መቼ ትልኪያለሽ?» እንላለን እንጂ «በልተሻል ወይ? የሚጸልይልሽ አለ ወይ?» አንልም።

እስቲ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 10ን ግለጥ። ዳንኤል በሰው አገር ሦስት ሳምንት ሙሉ አዘነ፤ ሥጋ አልበላም፣ ወይን አልጠጣም፣ ዘይትም አልተቀባም። (ለበዓል ቅቤ የምትቀቡ እናቶች ይህ ይገባችኋል።) ቀኑን ልብ በል፦ ራእዩን ያየው በመጀመሪያው ወር በ24ኛው ቀን ነው። ፋሲካ ደግሞ በዚያው ወር በ14ኛው ቀን ይውላል። እንግዲህ የአባቶቹ በዓል ያለፈው በጾሙ መካከል ነው ማለት ነው! በግ የለም፣ መቅደስ የለም። ጌታ ግን እዚያው ጤግሮስ ወንዝ ዳር መልእክተኛ ላከለት፤ የተወደደ ሰው መሆኑንም ነገረው። ዕቃ ማጠቢያው ጋ የቆመችውን ልጅስ ይረሳታል?

ስለዚህ ዘንድሮ አንተ ቀድመህ ደውል፤ ማታ፣ ሥራዋን ስትጨርስ። ገንዘብ አታንሣ። ብታለቅስ «አይዞሽ፣ በቃ» ብለህ አታቋርጣት። ከዚያ ስልኩን ማዕዱ መካከል አስቀምጡና ጸልዩላት፤ እሷም ትጸልይላችሁ።

የእኚያ እናት ሁለተኛ ልጅ አሁንም ጅዳ ናት። አምና በግ አልገዙም። ለገና ማታ ደውለው መጀመሪያ የጠየቋት «ዛሬ ምን በላሽ?» ብለው ነው። ብዙ ዝም አለች አሉኝ። ከዚያ «ዳቦ» አለች።