ስክሪን በሌለው ማሽን ላይ ፒችትሪን ማሠራት



ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ወደ አንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ጎራ ብትሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ፒችትሪ ተከፍቶ ማግኘታችሁ አይቀርም። አሜሪካ፣ አትላንታ የተሠራው ይህ የሒሳብ ፕሮግራም ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እጅ ከገባ በኋላ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው። ያውም እ.ኤ.አ. የ2010 ዕትም። የሥራ ማስታወቂያውም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል።

በዚህ የሚሳለቁ ወጣት ባለሙያዎች አሉ። እኔ አልሳለቅም። ፕሮግራሙ የሒሳብ ወሮቹን በራሳችን ቀን እንድናስገባ ይፈቅዳል፤ ሐምሌ 1ን ጁላይ 8 ብለን ከፍተን ሰኔ 30 ላይ እንዘጋለን። ጳጉሜን የት እንደሚያስጠጓት ሒሳብ ሠራተኞቻችን ያውቁበታል። ለዓመታት የተጠራቀመ መዝገብ፣ የለመደ እጅና የሠለጠነ ሰው ያለበትን ዕቃ «አርጅቷል» ብሎ መጣል ብልህነት አይመስለኝም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ፒችትሪ የግድ ጠረጴዛ ላይ ባለ ኮምፒውተር ውስጥ መቀመጥ አለበት ወይ?

መብራት ሲሄድ የሚሆነውን እንመልከት። ለምሳሌ አዳማ በአንድ ወገን እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ፣ በሌላ ወገን አንደኛው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ማመንጫዎች ያሉባት ከተማ ናት። ኃይሉ ግን የሚገባው ወደ አገር አቀፉ መስመር ነው፤ ስለዚህ ኮረብታው ላይ ክንፉ እየተሽከረከረ ከሥሩ ያለው ቢሮ ሊጨልም ይችላል። ሦስት ሒሳብ ሠራተኞች በኔትወርክ አንድ ፎልደር ተጋርተው ሲሠሩ፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሩቅ ያለውን የመዝገብ ፋይል ራሱ ከፍቶ ነው የሚጽፈው። ደረሰኝ እየተመዘገበ ሳለ የአንዷ ኮምፒውተር ድርግም ቢል፣ ጽሑፉ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ሊቀር ይችላል፤ መዝገቡና ማውጫው አይገናኙም። በማግስቱ ፕሮግራሙ አልከፍትም ይላል። ደንበኛ ተሰልፎ «ሲስተም የለም» የሚባለውም ያኔ ነው።

መፍትሔው አዲስ ፈጠራ አይደለም። አይቢኤም አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር ለብዙ ተጠቃሚ እንደ ብዙ ኮምፒውተር ማካፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። በተራው ሰው ኮምፒውተር ላይ ቪኤምዌር በ1999 አመጣው፤ በ2007 ደግሞ ኬቪኤም ከሊኑክስ ጋር ተዋሐደ፣ በዚያው ዓመት ቪርቹዋልቦክስ ወጣ። ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ሊኑክስ በተጫነበት አንድ ማሽን ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር ይፈጠራል፣ በውስጡ ዊንዶውስ ይጫናል፣ በዊንዶውሱ ላይ ፒችትሪ ይቀመጣል። ዋናው ማሽን ስክሪንም ኪቦርድም ማውስም አያሻውም። አቧራ በማይደርስበት፣ አየር በሚያገኝ ክፍል ይቀመጥ፤ የአዳማ ሙቀትና አቧራ የማሽን ማራገቢያ እንዴት እንደሚያንቅ ጥገና ቤት ጠይቁ።

«ታዲያ ለምን ቨርቹዋል ማሽን? ዊንዶውሱን በቀጥታ ጭነን ስክሪኑን ብንነቅለውስ?» የሚል ይኖራል። ሞክሩት። በርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ስትገቡ ብዙ ጊዜ ወይ ጥቁር ገጽ፣ ወይ የፖስታ ቴምብር የሚያክል ምስል ይጠብቃችኋል፤ ግራፊክስ ካርዱ የተሰካበት ስክሪን ስላላገኘ ነው። አንዳንዱ ስክሪን መስሎ የሚያታልል ትንሽ መሰኪያ ገዝቶ ይሰካል። ቨርቹዋል ማሽን ግን ግራፊክስ ካርዱም ስክሪኑም በሶፍትዌር የተሠሩ ስለሆኑ ምንጊዜም አሉ። ቪርቹዋልቦክስን ያለ መስኮት በሚሠራበት መንገድ ብታስነሡት፣ ማሟያ ጥቅሉ ከተጫነ ምስሉን ከውጭ በሪሞት ዴስክቶፕ ማየት ይቻላል፤ ኬቪኤምም በቪኤንሲ ያሳያል።

አሁን በሽቦው ላይ የሚሄደው ምስል፣ የኪቦርድና የማውስ ምልክት ብቻ ነው። መዝገቡ ከቦታው አይነቃነቅም። ዋና ቢሮው አዳማ፣ ቅርንጫፉ ሞጆ የሆነ ድርጅት እናስብ፤ የሞጆው ቅርንጫፍ መስመር ቢቋረጥ ሠራተኛዋ የከፈተችው ደረሰኝ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተከፍቶ ይጠብቃታል፤ መስመሩ ሲመለስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። የአዳማው ቢሮ ደግሞ ኢንተርኔት ጨርሶ ቢጠፋም በውስጥ ኔትወርኩ ሥራውን አያቆምም። ሁሉን ወደ ውጭ አገር ክላውድ እንውሰድ ከሚሉት ጋር የማልስማማው በዚህ ነው። ዩፒኤሱም ለየጠረጴዛው ሳይሆን ለአንድ ማሽን ብቻ ይገዛል። በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙት፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል መጀመሪያ ቨርቹዋል ማሽኖቹን፣ ቀጥሎ ዋናውን በሥርዓት እንዲያጠፋ አዘጋጁት። ይህን ያልሠራ ሰው ችግሩን ከጠረጴዛ ወደ ጓዳ አዛወረው እንጂ አልፈታውም።

ጥቃቅኑ ነገር ነው ቀን የሚበላው። ሰነድ በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው ፓወር ግዕዙን ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ይጫን፤ በሁለቱም በኩል ቢበራ ፊደሉ ሊመሰቃቀል ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰካ የፈቃድ ቁልፍ ያለው ፕሮግራም ካላችሁ፣ ቁልፉ ሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ ለቨርቹዋል ማሽኑ ተለይቶ መሰጠት አለበት። ማተሚያው ግን ከሠራተኛዋ ዘንድ እንዲቀር ይፈለጋል፤ ይህን አስቀድማችሁ ካልሞከራችሁ የመጀመሪያው ቀን ደረሰኝ ጓዳ ውስጥ ታትሞ ይወጣል።

ስለ ፈቃድ አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ አዳራሽ ብዙም አይወደድ ይሆናል። ተራው ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያስገባል። ሦስት ሠራተኛ ካላችሁ ወይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን፣ ወይ ዊንዶውስ ሰርቨር ከነተጠቃሚ ፈቃዱ ያስፈልጋል። ገደቡን ሰብሮ የሚያስገባ ፋይል በፍላሽ የሚዞር መሆኑን አውቃለሁ። የድርጅቱን መዝገብ ማን እንደጻፈው በማይታወቅ ፋይል ላይ ማሳረፍ ለኔ አይዋጥልኝም።

ዓመቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ቨርቹዋል ማሽኑን አጥፍታችሁ ስናፕሾት፣ ማለትም ማሽኑ በዚያ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ ያዙ። በፒችትሪ የተዘጋ ዓመት እንደገና አይከፈትም፤ ስናፕሾት ካለ ግን በደቂቃዎች ወደ ነበረበት ትመልሱታላችሁ። ይህ ባክአፕ እንዳይመስላችሁ። ስናፕሾቱ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ባክአፑ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ።

የመጨረሻው ጉዳይ ደኅንነት ነው። የሪሞት ዴስክቶፕን 3389 ቁጥር በር ለኢንተርኔት ክፍት አድርጎ መተው መዝገብ ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎችን መጋበዝ ነው፤ ቅርንጫፎች በዋየርጋርድ ወይም በኤስኤስኤች በተመሠጠረ መስመር በኩል ይግቡ። የ2010ሩ ፒችትሪ የሚስማማው ዊንዶውስ 7 ደግሞ የማይክሮሶፍት ድጋፉ በጥር 2012 ዓ.ም. አብቅቷል። በጠረጴዛ ላይ ቢሆን ኖሮ ያንን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት መለየት ከሠራተኛው ጋር ጠብ ነበር። ቨርቹዋል ማሽኑን ግን ጨርሶ ኔትወርክ ሳይሰጡት፣ ምስሉን ብቻ ዋናው ሊኑክስ እንዲያቀርብ ማድረግ ይቻላል። ሠራተኛዋ ቴሌግራም ካሻት በራሷ ኮምፒውተር ትክፈት።