ቁጥሩን ማን ቆጠረው?

ስለ ጅምላ ጭፍጨፋ የተጻፈ የምሁራን መዝገብ በኢንተርኔት ስትከፍቱ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው የሟቾች ቁጥር ላይ ነው። እባካችሁ እዚያ አትቁሙ።

ደብረ ሊባኖስን እንውሰድ። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር የገዳሙን መነኮሳት ላጋ ወልዴ በተባለ ስፍራ ረሸነ፤ ዲያቆናቱም ከቀናት በኋላ ተገደሉ። በኢትዮጵያ የኢጣልያ እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ ወደ ሮም ያስተላለፋቸው ሪፖርቶች ሲደመሩ 449 ይላሉ። ተመራማሪዎቹ ደግፌ ገብረ ጻድቅና ኢያን ካምቤል ግን የዓይን እማኞችን ጭምር አነጋግረው፣ የተገደሉት ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርሱ ገመቱ። የመጀመሪያው ቁጥር ገዳዩ ለአለቆቹ የጻፈው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቢያንስ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ነፍስ ነው፤ እናት የነበረው፣ የክርስትና ስም የነበረው ነፍስ። ስለዚህ የግርጌ ማስታወሻውን አንብቡ። ማን ተናገረ? መቼ? በየትኛው ሰነድ?

የውጭ መዝገቦች ላይ 1929 ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1937 በሉ። የቦታ ስምም በላቲን ፊደል አጻጻፉ ብዙ ዓይነት ነውና ደጋግማችሁ ሞክሩ።

ያን ዘመን ከወላጆቻቸው የሰሙ አረጋውያን በቤታችሁ ካሉ ደግሞ፣ የሚነግሯችሁን ዛሬውኑ ጻፉት።